ዘርና አፈር፤ የዝሆኔ በሽታ ታሪክ በጎጃም ደጋ

በጎጃም ባላገር ዘንድ ጋብቻ የሁለት ወጣቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ከመላኩ አስቀድሞ ወላጆች በየፊናቸው ይጠያየቃሉ፤ ዘር ይቆጠራል፤ ተጋቢዎቹ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዳይገናኙ ይጣራል። ይህ የዝምድና ቆጠራ በግልጽ የሚካሄድ፣ አዋቂዎችም የሚኮሩበት ነው። ከእርሱ ጎን ለጎን ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚካሄድ ሌላ ቆጠራ አለ። በዚያ ቤት ሥጋ ደዌ ተሰምቶ ያውቃል ወይ? የአያትየው እግር እንዴት ነበር? ከእኅትማማቾቹ መካከል እግሯን በቀሚስ ሸፍና የምትሄድ አለች ወይ? መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ነገሩ ምክንያት ሳይነገርለት ተድበስብሶ ይቀራል። የታጨው ልጅ ወይም የታጨችው ልጅ እግር ጤናማ መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ የተጠየቀው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ዘር ነውና።

ይህን ምርመራ ካስከተሉት ደዌዎች አንዱ ዝሆኔ ነው። በሽታው ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር በማሳከክና በማቃጠል ይጀምራል፤ እብጠቱ እየመጣ እየሄደ ከቆየ በኋላ ይጸናል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሸበሸባል፣ እንደ ሻጋታም ያለ ሻካራ ነገር ያወጣል። በየጊዜው እግሩ በድንገት እየጋለ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ያስከትላል፤ ሕመምተኛውም ለቀናት ከአልጋ ይውላል። ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን ከእርሻ፣ ከገበያ፣ ከለቅሶና ከሰርግ ያስቀራል። ሕዝቡ ስለዚህ በሽታ ለብዙ ዘመን «ዘር ነው» ሲል ኖረ። የሕክምና ሰዎች በበኩላቸው በመጀመሪያ «ትል ነው»፣ ቀጥሎም «አፈር ነው» አሉ። በመጨረሻ ደግሞ ያው የሕክምና ጥናት በጂን በኩል ዞሮ ዘርም እንዳለበት አረጋገጠ። ቃሉ አንድ ይምሰል እንጂ በባላገሩ «ዘር»ና በተመራማሪው «ዘር» መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ ዕድልም በዚህ ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ አገሩን ማየት ይገባል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጮቄ ተራራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ የከመረው ነው። ከእርሱ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ የተዘረጋው ደጋና ወይና ደጋ፣ ማለትም ጎዛምን፣ አነደድ፣ ደብረ ኤልያስና ደምበጫ፣ ዝናም የሚበዛበትና ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት ነው። በዝናም ብዛት የበሰበሰው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዙ ሥፍራ ወደ ቀይ ሸክላ አፈር ተለውጧል። አፈሩ ለእርሻ ይስማማል፤ በክረምት ጭቃው እግር ላይ ይለጠፋል፤ በበጋ ደግሞ ደቅቆ እንደ ዱቄት ይቦናል። ገበሬው ሞፈሩን ሲከተል፣ ሴቲቱ ውኃ ስትቀዳ፣ እረኛው ከብት ሲያግድ፣ ደብረ ኤልያስን ለመሰለ የታወቀ የቅኔ አገር የሚገሠግሠው ተማሪም ስንቁን ይዞ ሲጓዝ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ይህን አፈር ሲረግጥ ኖሯል።

በሽታው አዲስ አለመሆኑን የውጭ መንገደኛ ጽሑፍም ይመሰክራል። በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ በአገሪቱ ካያቸው በሽታዎች መካከል ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያበጠና ዙሪያውን የተሸበሸበ እግርን ገልጿል። ብሩስ ባየው ነገር ላይ ሁሉ እምነት የሚጣልበት ጸሐፊ አይደለም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን አገላለጹ ዛሬም ሐኪም ከሚያየው ጋር ይገጥማል።

የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ስለ እግር ማበጥ ይዞ የመጣው እውቀት ከእስያ የተገኘ ነበር። ፓትሪክ ማንሰን በ1877 በቻይና አገር የፋይላሪያ ትል በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት ውስጥ እንደሚያድግ ካሳየ ወዲህ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ዘንድ ያበጠ እግር ማለት በትንኝ የሚተላለፍ ትል ማለት ሆኖ ነበር። ይህ እውቀት ለጋምቤላ ቆላ የሚሠራ ነው። ለደጋ ግን አልሠራም። ትንኝ በማይበረታበት ከፍታ ላይ እግሩ ያበጠ ሰው በገበያ ሞልቶ እየታየ፣ ደም ተወስዶ ሲመረመር ትሉ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚሳሳተው መጽሐፉ ነው ወይስ ምርመራው ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይፈልጋል።

ጥያቄውን በስፋት ካነሡት አንዱ በ1969 ስለ ኢትዮጵያ የእግር ዝሆኔ ጥናቱን ያወጣው ኦመን ነው። ነገሩን ከዳር ያደረሰው ግን በሥጋ ደዌ ሥራ ላይ ተሰማርቶ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። የሥጋ ደዌ ሐኪም ከሌላው ሐኪም ይልቅ እግርን የመመልከት ልማድ አለው፤ ምናልባትም ለዚህ ሥራ የጠቀመው ይኸው ነው። ፕራይስ በ1970ዎቹ በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች በሽታው ያለበትን ሥፍራ ከከፍታው፣ ከዝናሙና ከአፈሩ ጋር አስተያየ፤ በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ ሸክላ ተከትሎ እንደሚሄድ አሳየ። ከዚያም ከሄንደርሰን ጋር ሆኖ በ1978 ባሳተመው ሥራ፣ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የብሽሽት እጢ ውስጥ የአፈር ማዕድን የሆኑት ሲሊከንና አሉሚኒየም ያሉባቸው እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች እንደሚገኙ ገለጸ። አፈሩ በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ በሊምፍ ቱቦ ወደ ላይ ይጓዛል ማለት ነው። በ1988 ፕራይስ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ ለበሽታው «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል አዲስ ስም አወጣለት፤ ከግሪክኛ «እግር»ና «ትቢያ» ከሚሉት ቃላት የተገጠመ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላም ስለዚሁ በሽታ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ።

የአፈሩ ግኝት ለሕመምተኛው ቤተሰብ ታላቅ እፎይታ ሊሆን ይችል ነበር። እርግማን አይደለም፤ የሞተ እባብ መርገጥ አይደለም፤ መተት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለጤና ትምህርትም የሚመች አጭር መልእክት ተገኘ፤ ከአፈር ነው፣ ጫማ አድርጉ። ይሁን እንጂ ይህ መልእክት ባላገሩን በቀላሉ አላሳመነውም፤ ባለማሳመኑም መፍረድ አይቻልም። በአንድ ጎጆ ውስጥ አምስት ወንድማማችና እኅትማማች በአንድ ማሳ ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግር ያድጋሉ፤ ሁለቱ ይታመማሉ፣ ሦስቱ ይድናሉ። ጎረቤቱም ያንኑ አፈር እየረገጠ ከነልጆቹ ጤነኛ ነው። አፈሩ ብቻ ምክንያት ቢሆን ይህ ለምን ይሆናል? ፕራይስ ራሱ ይህን አልዘለለውም። የአፈሩ ቅንጣት በታመሙትም ባልታመሙትም እጢ ውስጥ ይገኝ ነበርና፣ ቀደም ብሎ በ1972 በዚያው በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ የውርስ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል የሚያመለክት ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉ ለረጅም ጊዜ ተከታይ አላገኘም።

ሕዝብ አስቀድሞ ያየውን ሐኪም ዘግይቶ ሲያረጋግጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በካንሰር ታሪክም የታወቀ ምሳሌ አለ። በ1895 በአሜሪካ የሚሺጋን ክፍለ ሀገር አንዲት ልብስ ሰፊ ለአልድሬድ ዋርቲን፣ ዘመዶቿ በሆድ ዕቃና በማሕፀን ካንሰር እየሞቱ እንደሆነ፣ እርሷም በዚሁ እንደምትሞት ነገረችው። እንደፈራችውም ሆነ። ዋርቲን የቤተሰቡን ዘር ቆጥሮ በ1913 አሳተመ፤ ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ምክንያት የሆኑት ጂኖች ግን የታወቁት በ1990ዎቹ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ለልብስ ሰፊዋ ያልታመነላት የዘር ነገር ነበር፤ የጎጃሟ እናት ግን ከዘር በቀር ሌላ ነገር የሚነግራት አላገኘችም።

የፕራይስ ጥያቄ መልስ ማግኘት የጀመረው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታ ነው። በ2007 ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ በ59 ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ያለው ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ 5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ውስጥም 63 በመቶ የሚሆነው በውርስ የሚገለጽ መሆኑ ተገመተ። በዚያው ስሌት ውስጥ ዕድሜና ጫማ ማድረግም ድርሻ ነበራቸው። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ተባባሪዎቹ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን የዘር ቅንጣት አነጻጽረው፣ ውጤቱንም አባት፣ እናትና የታመመ ልጅ በያዙ 202 ቤተሰቦች ላይ ፈትነው፣ ተጠያቂው ያለበትን ሥፍራ አመለከቱ። ሥፍራው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ፣ ኤች.ኤል.ኤ. ክላስ ሁለት ተብሎ በሚጠራው የጂኖች ክፍል ነው። እነዚህ ጂኖች ወደ ሰውነት የገባ ባዕድ ነገር ለመከላከያ ሕዋሳት እንዲታይ የሚያደርጉ ናቸው። እንግዲህ የሚወረሰው ያበጠ እግር አይደለም፤ የሚወረሰው ሰውነት ለአፈሩ ቅንጣት የሚሰጠው የበረታ ቁጣ ነው። ቁጣው የሊምፉን ቱቦ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲጠግግ ቱቦው ይጠባል፤ ፈሳሹም መውጫ አጥቶ እግሩን ያሳብጣል። አፈሩ ካልገባ ቁጣው የሚነሣበት ነገር የለም። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናትም ያው የጂን ሥፍራ አማራንና ኦሮሞን ጨምሮ በሌሎች የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ዘንድ ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ አረጋግጧል፤ ስለዚህ የወላይታው ነገር ለጎጃምም የሚሠራ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለሳይንስ ታላቅ እርምጃ ሲሆን፣ ለቤተሰቡ ምን ያህል አስፈሪ እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ሌላ ጥናት አለ። ደም ለመሰብሰብ ከመነሣታቸው ጋር ተያይዞ፣ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎች ስለ ጂን ጥናት ፈቃደኛነታቸውን ሲጠየቁ ምን እንደሚሰማቸው መርምረው ነበር። ከተገኘው ውስጥ ዋናው ስለ መርፌው ወይም ስለ ደሙ መጠን አልነበረም። የተፈራው፣ ጥናቱ በሽታው በቤተሰብ የሚሄድ መሆኑን በአደባባይ ያውጅብናል፣ መገለሉም ይብስብናል የሚለው ነበር። በሹክሹክታ የኖረው የሽማግሌዎች ቆጠራ አሁን የሳይንስ ማኅተም ሊያገኝ ነው ማለት ነው። ጤነኛ ወንድም ደም ሲሰጥ የታመመውን ከመርዳቱ ይልቅ ራሱን ከበሽተኛው ዘር የሚጽፍ መስሎ ይታየዋል። ተመራማሪ በቅን ልቡና የሚጠይቀው ጥያቄ በመንደሩ ጆሮ ሌላ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ይህን ያህል በግልጽ ያሳየ ሥራ በአገራችን ብዙ አይገኝም፤ ከጂኑ ግኝት ባላነሰ ሊነበብ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጂኑ ከታወቀ ዘንድ ልጆችን በምርመራ መለየት አይቻልም ወይ የሚል ሐሳብ በባለሙያዎች ዘንድ መነሣቱ አይቀርም። ምሳሌ የሚሆነው የጡት ካንሰር ነው። በ1994 የተለየው ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 የተባለው ጂን ተበላሽቶ የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 70 ያህል ነው። ለእንዲህ ያለች ሴት ምርመራው የሚነግራት ነገር ከባድ ነው፤ ከተነገራትም በኋላ የምታደርገው አለ፤ በቅርብ ትመረመራለች፣ ከፈቀደችም አስቀድሞ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። የዝሆኔ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ከበሽታው ጋር የተያያዙት የኤች.ኤል.ኤ. ዓይነቶች በጤነኛውም ሕዝብ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፤ ያለባቸውን ሰዎች የመያዝ ዕድል ሁለት እጥፍ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያደርጉታል እንጂ የሚታመመውን ከማይታመመው ለይተው አያሳዩም። ከዚህም በላይ ምርመራው ምንም ቢል ምክሩ ያው ነው፤ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ። ያለባት ልጅም የሌለባትም ልጅ ጫማ ያስፈልጋታል። በዚህ ረገድ ለአንዱ ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለጫማ ቢወጣ የሚሻል መሆኑ አያከራክርም። ምርመራው የሚጨምረው ነገር ቢኖር ለጋብቻ ሸንጎ አዲስ ማስረጃ ብቻ ነው።

የጎጃም ስም በዚህ በሽታ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የወጣው በ2012 በታተመው የዮርዳኖስ ሞላና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ፣ በ20 ቀበሌዎች፣ 17,553 ቤቶች አንድ በአንድ ተጎበኙ፤ 1,704 ሕሙማን ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች 3.3 በመቶ ማለት ነው፤ ከሠላሳ ሰው አንዱ። ከታመሙት 87 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ነበሩ። የሚነሣው ሕመም በዓመት አምስት ጊዜ ያህል እየመጣ፣ በጠቅላላው 90 ቀን ያህል ከሥራ ያውላቸው ነበር፤ የእርሻን ወራት ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እብጠቱ ከጀመረ በኋላ ሕክምና ለመፈለግ በአማካይ አምስት ዓመት ይፈጅባቸው ነበር። ለዚህ የጤና ጣቢያ መራቅ አንድ ምክንያት ቢሆን፣ እግርን ደብቆ መኖርም ሌላው ምክንያት መሆኑን መገመት ይቻላል። ቀጥሎ በመላ አገሪቱ በተደረገው አሰሳ ላይ ተመሥርቶ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በበሽታው እንደሚሠቃዩ ተገምቷል።

ሕክምናውም የተፈተነው በዚያው በጎጃም ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብን፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስን፣ በፋሻ መጠቅለልን፣ እግርን ማንቀሳቀስንና ካልሲና ጫማ ማድረግን ወዲያውኑ እንዲማርና እንዲረዳ ተደረገ፤ ሁለተኛው ከአንድ ዓመት በኋላ ተረኛ ሆነ። ሄኖክ ንጉሤና ተባባሪዎቹ በ2018 እንዳስታወቁት፣ በዓመቱ መጨረሻ በመጀመሪያው ወገን የሚነሣው ሕመም በ19 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለአንድ ሰው በዓመት ከ23.9 ጊዜ ወደ 19.4 ጊዜ ማለት ነው። ውጤቱ ብዙ አይደለም ሊባል ይችላል፤ ሕመሙ በ2012ቱ ጥናት ሕሙማን ራሳቸው ካስታወሱት ይልቅ በቅርብ ሲከታተሉት እጅግ የሚበዛ መሆኑንም ያሳያል። ነገር ግን ይህ የተገኘው ያለ መርፌና ያለ ውድ መድኃኒት፣ በሳሙናና በፋሻ መሆኑ፣ የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ የመንደር ረዳቶችም የተሳተፉበት መሆኑ ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ዘር የሚነገረው ነገር በእንዲህ ያለው የቤት ለቤት ትምህርት ውስጥ እንዴት ይግባ የሚለው ጥያቄ ግን ገና አላለቀም። አንዳንዱ ባለሙያ መገለሉን በመፍራት የውርሱን ነገር ጨርሶ መካድን ይመርጣል። ይህ ደግ ውሸት ነው፤ ነገር ግን ውሸት ነው፤ የአምስቱን ልጆች እናት ዓይን ይክዳል፤ የተካደች እናትም ስለ አፈሩ የሚነገራትን እውነት አብራ ትጥለዋለች። በወላይታ የተሞከረው ሌላው መንገድ የሚሻል ይመስላል። በዚያ ለቤተሰቦች የተነገራቸው፣ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈር በቀላሉ የሚቆጣ አካል መሆኑ፣ አፈሩ እስካልነካው ድረስም ጤነኛ ሆኖ እንደሚኖር ነው። ይህን ለሽማግሌዎችም ለማስረዳት የሚጠቅም ታሪክ አለ። በአንድ ወቅት በአየርላንድ፣ በእስኮትላንድና በፈረንሳይ፣ በካናሪ ደሴቶችና በሰሜን አፍሪካ አገሮች ይህ በሽታ ይገኝ ነበር። የእነዚያ አገሮች ሰዎች ዘራቸውን አልለወጡም፤ ዘር እየቆጠሩ ጋብቻ በመከልከልም አይደለም በሽታው የጠፋው። ሁሉም ጫማ አደረጉ። ከ1770 ጀምሮ የጎጃምን እግር ያየው ብሩስ ራሱ የአንደኛው አገር ልጅ ነበር።

ጫማ ሲባል ግን ቃሉ ቀላል ነገሩ ከባድ ነው። በረባሶ ከእሾህ ያድናል እንጂ ትቢያን አይከለክልም፤ የሚያስፈልገው እግርን የሚሸፍን፣ ከዚያም በየዕለቱ የሚደረግ ጫማ ነው። ያበጠ እግር ደግሞ በገበያ ካለው ጫማ ውስጥ አይገባም፤ በልክ መሠራት አለበት። ገበሬውም ያለውን ጫማ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ አስቀምጦ፣ በጭቃ ውስጥ የሚያርሰው በባዶ እግሩ ነው፤ ጫማው እንዳይበላሽ ይሳሳል።

በደብረ ኤልያስና በደምበጫ የተጠየቁት ሕሙማን ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ ያደረጉበት መካከለኛ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ጥናቱ በተደረገበት ቀንም ከአራቱ አንዱ ያህል በባዶ እግሩ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች ነበሩ።